የሚታደሰውና የሚጣለው

ሰው ከአባቶቹ የሚወርሰው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሊጠበቅ የሚገባው፣ ሁለተኛው ሊወገድ የሚገባው ነው። ነገር ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቤትና በአንድ ልማድ ውስጥ ተጣምረው ስለሚገኙ ለይቶ ማወቁ ቀላል አይደለም። አሮጌውን ሁሉ የሚጥል ሰው ከጉድፉ ጋር ወርቁን ይጥላል፤ አሮጌውን ሁሉ የሚያከብርም ከወርቁ ጋር ጉድፉን ያከብራል። ይህን ከመጻሕፍት ብንማረውም፣ እኔ በቅርቡ ከአንድ አሮጌ ወንበር ደግሜ ተማርሁትና ለአንባብያን ላካፍል ወደድሁ።

ወንበር የሚለው ቃል ከግእዙ መንበር የመጣ ነው፤ መንበርም ነበረ ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ነበረ ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። ስለዚህ ታቦቱ የሚያርፍበት መንበር ይባላል፤ የሊቃነ ጳጳሳት ሥልጣን መንበር ይባላል፤ መምህርም ጉባኤ ሲያቆም ወንበር ዘረጋ ይባላል። ሱነማዊቱ ሴት ለነቢዩ ለኤልሳዕ በሰገነት ላይ ማረፊያ ባሰናዳችለት ጊዜ አልጋና ጠረጴዛ፣ መቅረዝም ብቻ ሳይሆን ወንበርም አኖረችለት። ለሰው ወንበር መስጠት በመካከላችን ስፍራ አለህ ማለት ነው፤ መንሣትም ስፍራ የለህም ማለት ነው።

በልጅነቴ የምቀመጥበት ወንበር አጭር፣ ባለ መደገፊያ፣ እንጨቱ ዋንዛ፣ መቀመጫው በጠፍር የተጠለፈ ነው። ወላጆቼ ካረፉ በኋላ ወደ ቤቴ መጥቶ በጓዳ ተቀምጦ ኖረ። ጠፍሩ ተበጣጥሶ ስለ ነበር ልጆቼ፣ «የፕላስቲክ ወንበር በገበያ ሞልቶ ሳለ ይህ ለምን ይቀመጣል?» ብለው ለማገዶ ፈረዱበት። እንጨቱን ብመረምረው ግን ነቀዝ ያልነካው፣ ጤነኛ ነበር። የጠፋው የላዩ ነው እንጂ የውስጡ አይደለም ብዬ በገዛ እጄ ላድሰው ጀመርሁ።

ጠፍር የሚወጣው ካልለፋ የበሬ ቁርበት ነው። ቁርበቱ በውኃ ተነክሮ ከለሰለሰ በኋላ ከዳር ጀምሮ እየተዞረ እንደ ረጅም ገመድ ይቈረጣል፤ እርጥብ ሳለም በወንበሩ ቀዳዳዎች እየገባ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተላለፈ ይጠለፋል፤ ሲደርቅም ይኮማተርና ይወጠራል። እኔ ይህን በወሬ እንጂ በእጄ አላውቀውም ነበርና፣ እርጥቡን ጠፍር በሙሉ ኃይሌ ስቤ አሰርሁት። በደረቀ ጊዜ ግን መጋጠሚያውን አላቅቆ አንዱን እግር አናጋው። ዘመን ያልሰበረውን ወንበር እኔ ባለማወቄ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

አፍሬ ወደ አንድ የቁርበት ሠራተኛ ወሰድሁት። ሰውየው አገላብጦ አየውና፣ «አባቴ፣ እርጥብ ቁርበት እንደ ፈለጉት ይሆንልዎታል፤ ኃይሉን የሚያወጣው ሲደርቅ ነው። ለመድረቂያው ጥቂት ሊተዉለት ይገባ ነበር» አለኝ። ይህንም ብሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ጠፍሩን ይፈታ ጀመር።

እርሱን ስመለከት ረስቼው የነበረ ነገር ታወሰኝ። ይህን ወንበር ገና አዲስ ሳለ የጠለፈው ሰው ወደ አባቴ ቤት ሲመጣ ከደጅ አልፎ አያውቅም ነበር። በግቢው ውስጥ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይሠራ ነበር፤ ምሳው በደጅ ይቀርብለታል፤ የሚጠጣበትም ቅል ለብቻው ነበር። ሥራውን በፈጸመ ዕለት ወንበሩ ወደ ቤት ገባ፤ ሰውየው ግን በመጣበት ተመለሰ። እኔም ሕፃን ሳለሁ፣ «ለምን በሠራው ወንበር አይቀመጥም?» ብዬ ብጠይቅ፣ ፋቂ ነው ተባልሁና ዝም አልሁ። ስሙንም አልጠየቅሁም። አባቴ ጸሎተኛ፣ ጾም የማይሽር፣ ድኻ የሚመጸውት ሰው ነበር፤ በዚህ ነገር ግን እንደ ጎረቤቶቹ ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ የያዕቆብን መልእክት ተምሬ ለሌሎች ተርጕሜአለሁ። ሐዋርያው በጉባኤ ባለጠጋውን በክብር ስፍራ አስቀምጦ ድኻውን ከእግር በታች ማድረግ ክፉ ፍርድ እንደ ሆነ የሚናገረውን ብዙ ጊዜ ሰብኬአለሁ፤ ነገር ግን ያን በድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁትም።

መጻሕፍት ግን ስለ ሠራተኛ ዝም አላሉም። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው፤ አሕዛብን እንዳይንቅ የሚያስተምረው ራእይ የታየውም በዚያው ቤት ሰገነት ላይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። በኦሪት ዘጸአት ባስልኤል የድንኳኑን ሥራ እንዲሠራ ጥበብን የሰጠው እግዚአብሔር ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት በ12ኛው ምዕራፍም፣ ንጉሡ ኢዮአስ ቤተ መቅደሱን ባሳደሰ ጊዜ የሠራተኞቹን ገንዘብ የሚከፍሉት ሰዎች በታማኝነት ስለ ሠሩ ሒሳብ አልተጠየቁም።

እኛ ካህናት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ባለ ዕዳዎች ነን። ዳዊት የደገምንበት ብራና ቁርበት ነው፤ በተማሪነታችን ብርድ የተከላከልንበት ደበሎ ቁርበት ነው፤ በማሕሌት የምንመታው ከበሮ የሚጮኸው በቁርበት ነው። በቋንቋችን ለፋ የሚለው ቃል ለቁርበትም ለሰውም ይነገራል፤ ቁርበቱ የለፋው ሰው ስለ ለፋ ነውና። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ንጉሥ በአዋጅ የከለከለውን ካህን በልማድ ቢታገሠው ምን መልስ ይሰጣል?

«የአባቶች ልማድ አይነካም» የሚል ይኖር ይሆናል። ሌላው ደግሞ፣ «እንዲህ ያለ ነውር ካለበት የአባቶች ነገር ሁሉ ይቅር» ይላል። አባታችንን አባ ሰላማን የሾመ ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሰው መሆን በጻፈው መጽሐፍ ለሁለቱም የሚበቃ ምሳሌ አለው። በሰሌዳ ላይ የተሣለ መልክ በእድፍ ቢጠፋ፣ መልኩ የተሣለው ሰው ዳግመኛ መምጣት ይገባዋል፤ ሠዓሊውም በዚያው ሰሌዳ ላይ መልኩን ያድሳል እንጂ ሰሌዳውን አይጥለውም ይላል። ጌታችንም የተዋሐደው ይህንኑ የእኛን ባሕርይ ነው፤ ሌላ ሰው ፈጥሮ እኛን አልጣለንም፤ እድፉንም መልክ ነው ብሎ አልተወውም።

ስለዚህ የአባቶች ሃይማኖት እንጨቱ ነው፤ ይጠበቃል። ጾማቸው፣ ጸሎታቸው፣ ምጽዋታቸው እንጨቱ ነው። ወንድምን በእጁ ሥራ መናቅ ግን የበሰበሰው ጠፍር ነው፤ ተበጥሶ ሊወድቅ ይገባዋል። እርሱን ማውጣት አባቶችን ማዋረድ አይደለም፤ እነርሱ ያልፈጸሙትን ማደስ ነው እንጂ። ነገር ግን በማደስም ጊዜ ሠራተኛው የነገረኝን ማስታወስ ይጠቅማል። በችኮላ ከልክ በላይ የሚስብ ሰው ጤነኛውን መጋጠሚያ ያላቅቃል። ተግሣጽ ጊዜ ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ግን ዝምታ አይደለም።

ወንበሩ በተፈጸመ ጊዜ ሰውየው ወደ ቤቴ ይዞት መጣ። በደጅ አስቀምጦት ሊመለስ ሲል እንዲገባ ለመንሁት፤ መጀመሪያ እርሱ ተቀመጠበት፤ በአንድ ማዕድም በላን። ስሙንም ጠየቅሁት። ይህ ለቀደመው ሰው የሚከፈል ዕዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያ ዕዳ በእኔና በአባቴ ላይ አለ፤ ስለ እርሱም በቅዳሴ ጊዜ ስሙን የማላውቀውን ያን ሰው ፈጣሪው እንዲያስበው እለምናለሁ።

እናንተም ምእመናን፣ በየቤታችሁ ያለውን ወንበር ተመልከቱ፤ የተቀመጣችሁበትን ማን እንደ ሠራው፣ እርሱም ወዴት እንደ ተቀመጠ ጠይቁ። ለሁላችንም በመንግሥቱ ስፍራ ያዘጋጀ አምላክ ስፍራ የነፈግነውን ወንድም እንድናስገባ ልቡናችንን ያድስልን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።