ዘመናዊ መሣሪያን ለምን እንፈራለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ዘመናዊ መሣሪያ ፍርሃት ጥቂት እንድጽፍ ስታዘዝ ርእሱን የተቀበልኩት በደስታ አልነበረም። ስለዚህ ፍርሃት ስናገር ራሴን መክሰሴ ስለማይቀር ነው። እንግዲያው ከክሱ ብጀምር ይሻላል።

እዚህ ቂሊንጦ ሁላችንም እማማ እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት አሉ። እንጀራ ጋግረው ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችና ለግንባታ ሠራተኞች በመሸጥ ይተዳደራሉ። ደንበኞቻቸው ጥሬ ገንዘብ መያዝ እየተዉ «በስልክ ልላክልዎት» ማለት ሲያበዙ የባንክ ሒሳብ አስፈለጋቸው። አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ ይጠየቃል። በዚያው ሰሞን እኔ በእጅ ስልኬ የደረሰኝን አንድ ቪዲዮ አሳየኋቸው። በቪዲዮው የሚናገረው ሰው አሻራውንና የዓይኑን ብሌን ለመሣሪያ የሰጠ ሁሉ በዮሐንስ ራእይ የተጻፈውን የአውሬውን ቁጥር ተቀብሏል ይላል። ሰውዬው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ነገሩን ከየት እንዳመጣውም አልጠየቅሁም። እማማ አይተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ እውነት ነው እንዴ? አንተ የተማርህ ነህ» አሉኝ። «እንግዲህ እንዲህ እየተባለ ነው እማማ» ብዬ መለስኩላቸው። ይህችን «እየተባለ ነው» የምትል ንግግር ዛሬ ስሰማት ያመኛል።

እማማ ሳይመዘገቡ ቀሩ። እንጀራ መሸጡን ግን ሊተዉት አይችሉም፤ ልጆች ያሳድጋሉ። በአካባቢው ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት «ገንዘቡ በእኔ ሒሳብ ይግባልዎት፣ በየሳምንቱ ቆጥሬ እሰጥዎታለሁ» አላቸው። ጥቂት ወራት ሳያጓድል ሰጠ። ኋላ ግን ዕቁብ ሊጥሉበት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዞ ከሠፈሩ ጠፋ። ስልኩም ተዘጋ።

ልብ እንበል። እማማ ፈርተው ከመሣሪያው አልራቁም። የላባቸው ዋጋ በየቀኑ በዚያው በፈሩት መሣሪያ ውስጥ ሲመላለስ ነበር። የጎደለው የእርሳቸው ስም ብቻ ነው፤ ስሙ የሌላ ሰው ስለ ነበረ ገንዘቡም የሌላ ሰው ሆነ። የእኔ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ስልክን እንዲፈሩ ያስተማርኳቸው በስልክ ነው!

ይህ ፍርሃት በእኛ የተጀመረ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስልክ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ፣ አካል የሌለው ድምፅ የሰይጣን ካልሆነ የማን ሊሆን ነው ብለው መሣሪያው እንዲወገድ የጠየቁ ካህናት እንደ ነበሩ ይተረካል። የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በሕዝብ ዘንድ የታወቀበት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ ደግሞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በአቃቂ በኩል አልፏል። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ለከተማው መብራት ሰጥቷል (ስሙን ለሰማ ገዳም እንጂ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አይመስልም)። ዛሬ በመብራትና በድምፅ ማጉያ ስንቀድስ ማንም አይደነግጥም።

ሆኖም የጥንት አባቶቻችንን ሁሉ ፈሪ አድርገን እንዳንቆጥራቸው። መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መኪና የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለውን ጀርመናዊ አታሚ ግእዝ ያስተማሩት በዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ናቸው። ዳዊትን በብራና ላይ በእጅ መጻፍ የለመዱ መነኮሳት፣ ያ እንግዳ ብረት የዳዊትን ቃል ያረክሳል ብለው አልሸሹም። አጠገቡ ተቀምጠው ፊደሉን አስቆጠሩት።

ወደ ራእዩ እንመለስ፤ እማማን ያስፈራኋቸው በእርሱ ነውና። በምዕራፍ 13 ያለው ምልክት ብቻውን የቆመ ነገር አይደለም። ከስግደት ጋር ተያይዞ የተጻፈ ነው። አውሬውን የሚያመልክና ጌታውን የሚክድ ሰው ነው ምልክቱን የሚቀበለው። ሳያውቅ ጣቱን በመስተዋት ላይ ያሳረፈ ሰው ሳይታወቀው ከሃዲ ይሆናል የሚል ነገር በምዕራፉ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ደግሞም የእኛ ቪዲዮ ሰባኪ ምዕራፍ 13ን ሲጨርስ መጽሐፉን ያጥፋል እንጂ ወደ ምዕራፍ 14 አይሻገርም። በ14 መጀመሪያ ላይ የበጉና የአባቱ ስም በግንባራቸው የተጻፈ ሰዎች ቆመዋል። እኛም በጥምቀት ጊዜ ሜሮን ተቀብተናል። አስቀድሞ የታተመብንን ማኅተም ረስተን ወደ ፊት ሊታተምብን የሚችለውን ብቻ ስንቆጥር መኖራችን ያሳዝናል።

በ2ኛው መቶ ዓመት የልዮን ጳጳስ የነበረው ሄሬኔዎስ እንኳ ስለዚህ ቁጥር ሲጽፍ፣ ከቁጥሩ ጋር የሚስማሙ ስሞች ብዙ ስለሆኑ፣ በግምት ይህ ነው ያ ነው ከማለት የትንቢቱን ፍጻሜ መጠበቅ ይሻላል ብሎ አስጠንቅቋል። ለዘመነ ሐዋርያት እንዲያ የቀረበ አባት ያልደፈረውን እኔ በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ደፈርኩት።

መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ያስረዳኝ በሠፈራችን ካለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የግቢ ጉባኤ አንድ ወንድም ነው። አንባቢው በጣት ላይ የሚያስቀምጠው ነገር የለም። የጣቱን መስመሮች ፎቶ ያነሣል፤ መስመሮቹ የሚገናኙበትንና የሚቋረጡበትን ነጥብ ይለቅማል፤ ነጥቦቹን ወደ ቁጥር ለውጦ ያ ሰው ቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ ያመሳክራል። ለተመዝጋቢው የሚሰጠውም ባለ 12 አሃዝ መለያ ቁጥር ነው። ምዝገባው የሚመራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ይባላል፤ ማንም አግኝቶ ሊያነበው ይችላል። እኔ ግን ይህን ሁሉ የጠየቅሁት እማማ ከተዘረፉ በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲው አጥር ወዲያ ወጣቶች መሣሪያ ሲፈቱና ሲገጥሙ ይውላሉ፤ ከአጥሩ ወዲህ እኛ ስለዚያው መሣሪያ ተረት ስንለዋወጥ እናመሻለን። በመካከሉ ያለው የአሥር ደቂቃ መንገድ ብቻ ነው።

ታዲያ የሚያስፈራ ነገር የለም ማለቴ ነውን? አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ናስና ብረት መሥራት የተጀመረው በቃየል ዘር በቱባልቃይን ነው። በዘጸአት 31 ደግሞ እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ ሞልቶ በወርቅ፣ በብርና በናስ የድንኳኑን ዕቃ እንዲሠራ ጠርቶታል። ናሱ ያው ናስ ነው። ዛሬም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለው ጥበብ ሕመምን ለመለየት ሐኪም ያግዝበታል፤ በዚያው ጥበብ አባቶች ያልተናገሩትን በድምፃቸው አስመስሎ መሥራትም ይቻላል። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የምሥጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚል ደዋይም አለ። ስለ ራሳችን የሰጠነው መረጃ ማን እጅ እንደሚገባ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ይህ ስጋት እውነተኛ ስለሆነ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መፍራታችን ሳይሆን የምንፈራው ነገር ነው። የመስተዋቱን ብርሃን ፈራን፤ ያላጣራነውን ወሬ ለመቶ ሰው ስንልክ ግን እጃችን አልተንቀጠቀጠም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ በጣት ተጭኖ የሚላከውን ምስክርነት የማይጨምር መስሎን ይሆን?

በፍልሰታ ጾም ከቅዳሴ በኋላ ወደ እማማ ቤት ሄጄ መሳሳቴን ነገርኳቸው። ምጣዱን እያሰሱ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ያን ነገር ለእኔ ብቻ ነው ያሳየኸው?» አሉኝ። ለእርሳቸው ብቻ አልነበረም። «እንግዲያው ለእኔ ብቻ ነግረህ አትቅር» አሉ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ እሺ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በሳምንቱ አብረን ወደ ምዝገባ ጣቢያ ሄድን። ምጣድ ለዓመታት የበላው ጣታቸው መስመሩ ጠፍቶ መሣሪያው ማንበብ አቃተው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከሩ። መዝጋቢዋ ጣታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ እንደ ገና ስታስቀምጠው እማማ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ይኸው፣ አውሬ ያልከኝ ፊደል አልቆጠረም እኮ!» ብለው ሳቁ። በአምስተኛው ያዘላቸው። የተወሰደባቸው ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አሁን የምሥጢር ቁጥራቸውን ራሳቸው ይጫናሉ፤ ሲጫኑ እኔንም ፊቴን ያስዞሩኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።