ሁለት ጊዜ ማየት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ለክርስትና ራቁታቸውን ሲቀርቡ፣ ከወገባቸው ዝቅ ብሎ ሰማያዊ ወይም አመድማ ምልክት ያለባቸው ሕፃናት ብዙ ናቸው። ካህኑ ያየዋል፣ ዲያቆኑ ያየዋል፣ የክርስትና እናትም አቅፋ ታየዋለች፤ «ይህን ልጅ ምን ነካው?» የሚል ግን የለም። ሕፃን ሲታጠብ እያየን ስላደግን ዓይናችን ለምዶታል። ጠያቂ ቢገኝ እንኳ አያት «ማርያም ስማው ነው» ብለው ይገላግሉታል።

ይኸው ልጅ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የተወለደ እንደሆነ፣ እናቱ ወደ ሥራ ስትመለስ ዴይኬር ይገባል። ዳይፐሩን የምትለውጥለት ሠራተኛ ጀርባውን ታያለች። እንዲህ ያለ ገላ አይታ የማታውቅ ከሆነ፣ ለእርሷ ይህ የበለዘ ሥጋ ነው፤ የዱላ ምልክት ነው። ትደነግጣለች፤ ስልክ ታነሳለች። ማታ አባትና እናት እራት ላይ ሳሉ የሕፃናት ጥበቃ (በአሜሪካ ሲፒኤስ የሚባለው) ሠራተኞች በራቸውን ያንኳኳሉ።

ወገኖቼ፣ ቶሎ ብለን ሴትዮዋን እንዳንረግም። የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቹ በ1962 እ.ኤ.አ. ስለተደበደቡ ሕፃናት የታወቀውን ጽሑፋቸውን እስኪያወጡ ድረስ፣ አጥንቱ የተሰበረ ሕፃን ሲመጣለት «ወድቆ ነው» የሚለውን የወላጅ ቃል ተቀብሎ የሚያልፍ ሐኪም ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የወጡት ሕጎች ሐኪሙን፣ መምህሩን፣ የልጅ ጠባቂዋን «ከተጠራጠራችሁ አሳውቁ» አሏቸው፤ አረጋግጡ አላሏቸውም። መናገር የማይችል ልጅ ሌላ ጠበቃ የለውምና። ደግሞም ገና መገላበጥ ያልጀመረ ሕፃን በራሱ ጊዜ ተጋጭቶ የሚበልዝበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ያየ ሰው ቢጨነቅ እውነት አለው። ጥፋቱ መጨነቁ ላይ አይደለም፤ አንድ ጊዜ አይቶ መጨረሱ ላይ ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን ብዙዎቻችን ዘለን እናልፈዋለን። ስለ ቆዳ፣ ስለ ቁስል፣ ስለ ፀጉር ነዋ! ስብከት የሚወጣው አይመስልም። ነገር ግን ካህኑ አጠራጣሪ ምልክት ሲያይ ምን እንደታዘዘ ልብ በሉ። ርኩስ ነው ብሎ ወዲያው አያባርርም፤ ንጹሕ ነው ብሎም ወዲያው አይሸኝም። ሰውየውን ሰባት ቀን ያቆየዋል፤ ተመልሶም ያየዋል። ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ ምልክቱ ተለወጠ ወይስ እንዳለ ነው?

የዛሬ ሐኪምም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። የተመታ ሥጋ ቀለሙ አይረጋም፤ ቀላ፣ ጠቆረ፣ አረንጓዴ መሰለ፣ ቢጫ ሆነ እያለ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ሲነኩት ያማል፤ ሊያብጥም ይችላል። የልደቱ ምልክት ግን ዛሬም፣ የዛሬ ሳምንትም ያው ነው፤ ቢጫኑት ልጁን አያመውም። የሚደበዝዘው በዓመታት ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ይጠፋል። ምንጩ ምት አይደለም። ልጁ በማኅፀን ሳለ፣ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ወደ ላይኛው የቆዳ ክፍል ሲጓዙ አንዳንዶቹ ከሥር ይቀራሉ። የሩቅ ተራራ ሰማያዊ እንደሚመስል፣ ያ ቡናማ ቀለም ከጥልቅ ሲታይ ሰማያዊ ይመስላል። በጥቁርና በእስያ ሕፃናት ላይ እጅግ የተለመደ ነው፤ በነጮቹ ላይ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንዱ አገር ማንም ልብ የማይለው ገላ፣ ሌላው አገር መዝገብ ያስከፍታል።

ቅዱስ ጳውሎስ መላጥያ ደሴት ላይ እፉኝት እጁን ስትይዘው ያዩት ሰዎች «ነፍሰ ገዳይ ነው» አሉ። ሳያብጥ፣ ሳይሞት ሲቀር ደግሞ «አምላክ ነው» አሉ። መጠበቁንስ ጠብቀዋል፤ ሰውየውን ግን አልጠየቁትም። ሁለቱም ፍርዳቸው ስሕተት ነበር።

የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ይዘን «እነ እገሌ ቤት ሲፒኤስ ገብቷል አሉ» ስንል፣ ዳኛው ገና መዝገቡን ሳይገልጥ እኛ ፈርደናል። ያው ሰው ደግሞ፣ ነገሩ የራሱ ዘመድ ቤት ሲሆን፣ «ፈረንጅ ምን ያውቃል» ብሎ ሁሉን ይሸፍናል። በግልጽ ልናገረው፦ ማርያም የሳመችው የቀበቶ ሰንበር አይደለም። ዱላን በእመቤታችን ስም መሸፈን ድፍረት ነው። ልጁን የሚመታ አባት መካከላችን ካለ፣ የሌሎቹ ወላጆች ንጽሕና ለእርሱ መደበቂያ አይሁን።

እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ እንደተወለደ ምልክቱ የት የት እንዳለና ስፋቱን ሐኪሙ በልጁ መዝገብ እንዲጽፈው ጠይቁ፤ ፎቶ አንሱና ቀኑን ያዙ። ዴይኬር ስታስገቡት ለሠራተኛዋ አስቀድማችሁ አሳዩአት፤ ሥራዋን ታቀሉላታላችሁ። ምልክቱ እጅግ ሰፊ ከሆነ ወይም ቆይቶ አዲስ ቢወጣ ደግሞ «የልደት ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ለሐኪም አሳዩት። በር ቢንኳኳም አትጩኹ፤ መዝገቡን አውጡ፣ የሕፃናት ሐኪም አይቶ ቃሉን እንዲሰጥ፣ አስተርጓሚም እንዲመጣ ጠይቁ።

የቀራችሁትም፣ መዝገብ የተከፈተበት ቤት ስትሰሙ እንደ ለቅሶ ቤት ሂዱ። ዳቦ ያዙ፣ ቡና አፍሉ። ቋንቋ ለሚያስቸግራቸው ወረቀቱን አንብቡላቸው። «ምን አድርጋችሁ ነው?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ ያንን የሚጠይቃቸው ሌላ አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።