«ነገ አቆማለሁ» ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ስለ ሱስ ስትከራከሩ ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዱ «ልፍስፍስ ስለሆነ ነው እንጂ ቢፈልግ ይተወው ነበር» ይላል። ሌላው «በሽታ ነው፤ ምን ያድርግ?» ብሎ ይመልሳል። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ፤ ብቻቸውን ሲያዙ ግን ሁለቱም ሰው ያጠፋሉ። የመጀመሪያው ልጁን አሸማቆ ወደ መቃሚያ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ይፈቅድለታል።

ክርክሩ የዛሬ አይደለም። ሶቅራጥስ ሰው የሚጎዳውን ነገር እያወቀ አያደርገውም፣ የሚያጠፋው ባለማወቅ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ሱሰኛን ለማዳን አንድ ጥሩ ትምህርት በበቃ ነበር። ጫት የሚቅም ልጅ ግን ምኑን ነው የማያውቀው? ገንዘቡ የት እንደሚገባ ያውቃል። ሌሊት ዱካክ እንደሚጫነው ያውቃል። ምርቃናውን ለመስበር ሲጨብስ ቢራው ሁለተኛ ሱስ እየሆነበት መምጣቱንም ያውቃል። እንዲያውም ስለ ጫት ጉዳት ከማንም አብልጦ የሚናገረው እሱ ራሱ ነው፤ ያውም ምርቃና ላይ ሆኖ።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ይህን ችግር ፊት ለፊት ገጠመው። ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ያወቁትን በሚፈለግበት ሰዓት ማግኘት ሌላ ነገር ነው አለ። የተኛ፣ ያበደ፣ የሰከረ ሰው እውቀቱ አልጠፋም፤ በዚያች ሰዓት ግን አይታዘዝለትም። ሰካራም የኢምፔዶክልስን ግጥም ሳይሳሳት ሊወጣው ይችላል፤ ምን እያለ እንደሆነ ግን ልብ አይለውም። በርጫ ላይ ተቀምጦ «ከነገ ጀምሮ በቃኝ» የሚል ልጅም ውሸታም አይደለም። በዚያ ሰዓት ሐራራው ጠግቦ ስለተኛ መማል ምንም አያስከፍለውም። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሐራራው ሲነሣ ግን ያ ትናንት የማለው ሰው አጠገቡ የለም። ስለዚህ ሐራራ በሌለበት ሰዓት የገባችሁትን ቃል ብቻ ይዛችሁ ሐራራውን ለመግጠም አትውጡ። ቃሉ ሲገባ ጉልበት አልጠየቃችሁም፤ ሲፈተን ግን ጉልበት የሚያመጣለት ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ደመወዝ በተቀበላችሁበት ቀን ገንዘቡን ለእህታችሁ ወይም ለእናታችሁ አስረክቡ። የሻጩን ስልክ ቁጥር አጥፉ። ከስምንት ሰዓት በኋላ ብቻችሁን አትዋሉ። ይህ የደካማ ሰው ዘዴ አይደለም፤ ራሱን የሚያውቅ ሰው ዘዴ ነው።

ከአርስቶትል ብዙ ዘመን በኋላ የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ በኑዛዜው ስለ ራሱ እስራት ጻፈ። እሱን ያሰረው መጠጥ አልነበረም፤ የሥጋ ፍላጎት ነበር። ያም ሆኖ ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት ፈትቶ ያሳየበት መንገድ ለማንኛውም ሱስ ይሆናል። የተጣመመ ፈቃድ ምኞትን ይወልዳል፤ ምኞት ሲገዙለት ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ሳይቃወሙት ሲቀር ግዴታ ይሆናል። ወጣት ሳለ ንጽሕናን ከፈጣሪው ይለምን ነበር፤ ግን ዛሬውኑ እንዲሰጠው አልነበረም። «ነገ» የምትለውን ቃል እናንተ አልፈጠራችኋትም። እኔ ከአውግስጢኖስ የምወስደው ይህን ነው፦ «ምርጫ ነው ወይስ በሽታ?» ለሚለው መልሱ ሰውየው የትኛው ቀለበት ላይ እንዳለ ሳይታወቅ አይሰጥም። ለመጀመሪያ ጊዜ በጓደኛ ግብዣ ቅጠል የሚቀነጥብና ዐሥር ዓመት የቃመ ሰው እኩል ነፃ አይደሉም። እኩል ነፃ አይደሉም ማለት ግን ሁለተኛው ጨርሶ ነፃነት የለውም ማለት አይደለም።

በ1971 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አሜሪካዊው ፈላስፋ ሃሪ ፍራንክፈርት ስለ ፈቃድ ነፃነት በጻፈው ጽሑፍ ሦስት ሱሰኞችን አቀረበ። አንደኛው ሐራራውን ይጠላል፣ ይታገለዋል፣ ይሸነፋል። ሁለተኛው ሱሱን ወዶ ተቀብሎታል። ሦስተኛው ግን አይወድም፣ አይጠላም፤ የመጣለትን ፍላጎት ተከትሎ ይሄዳል እንጂ የትኛው ፍላጎቱ እንዲያሸንፍ እንደሚሻ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ፍራንክፈርት ሰውን ሰው የሚያሰኘው መፈለጉ አይደለም ይላል፤ ፍላጎትማ እንስሳም አለው። ሰው የሚሆነው በገዛ ፍላጎቱ ላይ ወገን ሲይዝ ነው።

እየታገላችሁ የምትሸነፉ ልጆች፣ ሰው ወላዋይ ቢላችሁ አትቀበሉት። ወገን ይዛችኋል፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ይበልጥ የምሰጋው ለሦስተኛው ነው፤ እሱ ደግሞ ዛሬ በመቃሚያ ቤት ብቻ አይገኝም። አልጋው ላይ ተጋድሞ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቲክቶክ የሚያገላብጠውን ልጅ «ይህን መረጥክ?» ብትሉት አልመረጥኩም ይላል፤ «ተገደድክ?» ብትሉትም አልተገደድኩም ይላል። ቤቲንግም እንዲሁ ነው። አይሸትም፣ ዓይን አያቀላም፣ እናት ልጇ ከሚከራየው ክፍል ተባሮ እስኪመጣ ድረስ አትጠረጥርም። ለእነዚህ ልጆች የምለው «ዛሬውኑ አቁሙ» አይደለም። መጀመሪያ የትኛው ወገን እንደሆናችሁ ወስኑ እላቸዋለሁ፤ ወገን ሳይለይ ትግል የለምና።

አሁን ብዙ ወጣት ያልሰማውን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በቬትናም ጦርነት መጨረሻ አካባቢ ከአሜሪካ ወታደሮች ግማሽ ያህሉ ኦፒየም ወይም ሄሮይን ቀምሰው ነበር፤ ከአምስቱ አንዱም ሱስ ይዞት ነበር። መንግሥት ደንግጦ ሽንታቸውን እየመረመረ ወደ አገራቸው መላክ ጀመረ፤ ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪም ከተመለሱ በኋላ ተከታተለቻቸው። በዚያ ሱስ ይዟቸው ከነበሩት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ዳግም የተያዙት ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ዕፁ ያው ሄሮይን ነው፤ የተለወጠው አገሩ፣ ጓደኛው፣ ፍርሃቱ፣ የቀኑ አዋዋል ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሱስ በአንጎል ላይ ምንም አያደርግም የሚል ካለ ተሳስቷል፤ አንጎልን መለወጡ የተረጋገጠ ነው። ግን ሱስ በሰውየው አካል ውስጥ ብቻ እንደማይኖር ታሪኩ ያሳያል። በቦታና በሰዓት ውስጥም ይኖራል።

ጫትን ተመልከቱ። የሚያነቃው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ይዳከማል፤ ከአወዳይ የሚነሣው መኪና እንዲያ የሚከንፈው ለዚህ ነው። የቃሚውም ቀን የሚገነባው ቅጠሉ በሚደርስበት ሰዓት ዙሪያ ነው። (በሐረርና በወሎ በዱዓ ላይ የሚይዙት አባቶች አሉ፤ ወጉም ልኩም ያላቸው ናቸው፣ እነሱን አልነካም።) ሥራ ላጣ ልጅ መቃሚያ ቤቱ ጓደኛ የሚገኝበት፣ ወሬው የሚሰማበት፣ ስሙ የሚጠራበት ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል። «ጫቱን ተው» ስትሉት ጓደኞቹንና ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ተው እያላችሁት ነው። ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት የት ይዋል? ከማን ጋር ያውራ? ይህን ያልመለሰ ምክር ግማሽ ምክር ነው፤ እኛ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የምንሰጠውም ይህን ግማሹን መሆኑ ያሳዝነኛል።

ለታናሽ ወይም ለታላቅ ወንድሙ የሚጨነቅም ከእናንተ መካከል አለ። ሐና ፒካርድ የተባለች ፈላስፋ ሕክምና ቦታ ሠርታ ያገኘችው ሐሳብ ለናንተ ይጠቅማል፦ ሰውን ኃላፊ ማድረግና ሰውን መውቀስ የተለያዩ ናቸው። «ይህን አንተ ነህ የምትመልሰው» ማለት ይቻላል፤ «ጀዘባ» ሳይሉ። ኃላፊነቱን ስታነሡለት እንደ ዕቃ ቆጠራችሁት፤ ስትሰድቡት ደግሞ ከሚወደው ሰው ለያችሁት። ቃሉን አፍርሶ ሲመለስ የጠፋበትን ቀን ቁጠሩለት እንጂ ከዚያ በፊት የቆመባቸውን ሳምንታት አትሰርዙበት።

መጠጥን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ብቻውን እንዲያቆም አታስገድዱት፤ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል። ጸበል የሚሄድ ቢሆን ይሂድ፤ ሐኪምም ይየው። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በየክፍለ አገሩም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ጠይቁ። ቀጠሮውን አብራችሁት ያዙለት፣ ካርድ ሲያወጣም ወረፋው ላይ አብራችሁት ቁሙ።