ኩሬ ሁለት አፍ አለው

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ጓሮ ውስጥ ዓሣ የሚዋኝበት ኩሬና ፏፏቴ መሥራት ነውር ነው ወይ? ጥያቄው ራሱ የጠገበ ሰው ጥያቄ ይመስላል። ቆሼ አጠገብ ሲጠየቅ ግን ሌላ ክብደት አለው። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከአለርት ሆስፒታልና ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ፣ አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻዋን ስትከምርበት የኖረችው ተራራ አለ። ስሙም ከቆሻሻ የወጣ ነው፤ ቆሼ። ነፋሱ በዚያ በኩል ሲመጣ ሽታው የአጥር ከፍታ አይቶ አይመለስም፤ ግንብ ያለውም ቆርቆሮ ያለውም ቤት እኩል ይገባል።

እኛ ሰፈር አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ጓሯቸውን አስቆፍረው ኩሬ ማሠራት ሲጀምሩ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። የኩሬው ርዝመት 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። ከሥር ጥቁር ወፍራም ሸራ ተነጠፈ፣ ዙሪያውን የወንዝ ድንጋይ ተደረደረ፣ በአንድ ጫፍ ደግሞ ፓምፕ የሚገፋው ውኃ በድንጋይ ደረጃ ላይ እየተንሿሿ የሚወርድበት ትንሽ ፏፏቴ ተሠራ። ግማሹ ሰፈር «እሰይ፣ ዓይናችን አረንጓዴ ይይ» አለ። ግማሹ ዝም አለ፤ ዝምታውም ይሰማ ነበር። ዝም ያላሉት በሰፈሩ ትልቋ እማማ ናቸው። ጋሼን «አንተ» የሚሉ እሳቸው ብቻ ናቸውና በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ እኛ በጀሪካን እየተጋፋን አንተ ለዓሣ ታፈሳለህ? ጡር አለው» አሏቸው።

እማማ ሒሳብ አልሠሩም፤ ቢሠሩት ግን ይረዳቸው ነበር። ያ ኩሬ 7,200 ሊትር ይይዛል። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ቢሆን 360 ጀሪካን መሆኑ ነው። ዓሦቹ በጤና እንዲኖሩ በየሳምንቱ አንድ አሥረኛው ውኃ ይቀየራል ከተባለ ሌላ 36 ጀሪካን ይጨመራል። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣለት ቤት ይህን ቁጥር ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ማስረዳት አያስፈልግም።

እማማ ግን የተናገሩት ቃል ከቁጥሩ ይበልጣል። አማርኛችን ለዚህ ዓይነት ጉዳይ ቢያንስ ሦስት ቃል አለው፤ ነውር፣ ግፍና ጡር። ነውር በሰው ፊት የሚሆን ነገር ነው፤ አጥር ከፍ ቢደረግ ይቀላል። ግፍ ተበዳይ አለው፤ ከእገሌ ላይ ወስደሃል፣ እገሌም ያውቃል። ጡር ግን ከሁለቱም ይለያል። እንጀራ ሲረገጥ፣ በሰው ጉድለት ሲሳቅ፣ የሚጠጣ ውኃ እንዲያው ሲደፋ ነው «ጡር አለው» የምንለው። ከሳሽ የለውም፣ ተመልካችም ላይኖረው ይችላል። ዞሮ ግን ይመጣል እንላለን።

እንግዲህ ኩሬው በየትኛው ይከሰሳል? በነውር ከሆነ መልሱ ግንብ ነው፤ ግንብ ደግሞ የሞራል መልስ አይደለም። በግፍ ከሆነ የሚጠየቀው ውኃው እንዴት መጣ ተብሎ ነው። ከጋራ መስመር ላይ በፓምፕ ስቦ ሮቶውን የሚሞላ ሰው፣ ዳገት ላይ ያለችውን ጎረቤቱን በቀጥታ ይነጥቃታል፤ ዓሣ ኖረውም አልኖረውም ግፍ ነው። ጡሩ ነው ከባዱ። ምክንያቱም እማማ ያሉት «ውኃዬን ወሰድክ» አይደለም። ያሉት፣ ሌላው ተጠምቶ እያየህ በውኃ መጫወት በራሱ አንድ ነገር ያበላሻል ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «መጀመሪያ ዳቦ፣ ውበት ኋላ ይደርሳል» የሚል ነው። እኔ አልቀበለውም። ቆሼ ዙሪያ ባሉ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች ደጃፍ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳምና አበባ ያየ ሰው፣ ድሃ ውበትን ለነገ እንደማያሳድር ያውቃል። የዓሣው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ጃፓኖች ኮይ የሚሉት ባለቀለም ዓሣ ከዝዋይና ከቆቃ የሚጠመደው የካርፕ ዘመድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በኒጋታ ተራሮች ሩዝ የሚዘሩ ገበሬዎች ለምግብ ብለው ካርፕ ያረቡ ነበር። አልፎ አልፎ ቀይ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ያለው ሲወለድ፣ ከመብላት ይልቅ ለይተው አስቀመጡት፤ እርስ በርስ እያዳቀሉም ቀለሙን አበዙት። ዓሣው በቶኪዮ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ በመላው ጃፓን ዝናው የወጣው በ1914 እ.ኤ.አ. ነው። የሀብታም ግቢ ጌጥ ከመሆኑ በፊት የገበሬ ዓይን የመረጠው ነበር። ስለዚህ ውበትን የሀብታም፣ ዳቦን የድሃ ብሎ ማከፋፈል ለድሃው የቆመ ይመስላል እንጂ ይሰድበዋል።

ታዲያ ጡሩ የት ነው ያለው? ይህን ለመመለስ ኩሬ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል።

ለሩቅ ተመልካች ኩሬ የቆመ ውኃ ነው። ለባለቤቱ ግን ሁለት አፍ ያለው ነገር ነው፤ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ዓሣ በልቶ ያስወጣል፤ በስንጥቡም አሞኒያ ይለቃል። አሞኒያ መርዝ ነው። ወንዝ ውስጥ ቢሆን ውኃው ጠርጎ ይወስደዋል። ኩሬ ውስጥ ግን «ውጪ» የሚባል ቦታ የለም፤ ዓሣው ያስወጣው ሁሉ ተመልሶ ይከበዋል። መድኃኒቱ ማጣሪያ ነው። ጋሼ ያሠሩት ከፏፏቴው አናት ላይ የተቀመጠ አሮጌ በርሜል ነው፤ ውስጡ ጠጠር፣ ስፖንጅና በማዳበሪያ ሙሉ የተገዛ የሃይላንድ ክዳን አለበት። በእነዚህ ላይ ባክቴሪያ ይራባል፤ አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይቀይረዋል። እስኪደላደል ሳምንታት ይፈጃል። ከተደላደለ በኋላም ስስ ነው፤ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ ካጠብከው ይሞታል፣ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ለሰዓታት ከቆመ አየር አጥሮት ይታፈናል። ልምድ ያለው ሰው ከዓሣው ይልቅ ለማጣሪያው የሚጨነቀው ለዚህ ነው። ውኃው ጥርት ብሎ የሚታየው፣ ከላይ በማይታየው በርሜል ውስጥ አንድ ሕይወት ያለው ነገር ቆሻሻውን ስለሚሸከም ነው።

ያን የሃይላንድ ክዳን የለቀሙት ልጆች ቆሼ ላይ የሚውሉ ናቸው። ነገሩ ለእኔ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ከተማችንም ኩሬ ናት። ግን «ውጪ» የሚባል ቦታ ያላት እየመሰላት ኖራለች። ቆሼ መጣል ሲጀመርበት ዳር ነበር፤ ቀስ በቀስ ከተማው ሄዶ ከበበው። 36 ሄክታር ያህል መሬት ላይ ቆሻሻው ተራራ ሆነ። ከሥሩና ከጎኑ ሰው ቤት ሠራ፤ ፕላስቲኩን፣ ብረቱን፣ ጠርሙሱን እየለየ ወደ ገበያ የሚመልስ ሕዝብ ኑሮውን መሠረተ። ያ ሕዝብ ማንም ሳይቀጥረው የከተማዋ ማጣሪያ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተ፤ አርሶ አደሮቹ መሬታችንንና ውኃችንን በከለ ብለው ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥም ተዘጋ። ቆሻሻው ተመልሶ ወደ ቆሼ መጣ። ሰንዳፋም የአንድ ሰው ጓሮ መሆኑን ከተማዋ ያወቀችው ያኔ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ተራራው ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር። ጥሩ ነገር ነው። ቆሻሻ መለየት ኑሮው ለሆነ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ ምድጃው ማጣሪያውን ሲተካ፣ እስከ ዛሬ ማጣሪያ የነበረው ሰው የት ይሄዳል?

እዚህ ላይ ምሳሌዬ መቆም ያለበት ቦታ ደርሷል። ሰው ባክቴሪያ አይደለም። ባለኩሬ በርሜሉን የሚንከባከበው ለዓሣው ሲል ነው፤ ማጣሪያው የራሱ ዓላማ የለውም። ቆሼ ላይ የሚለቅመው ልጅ ግን የራሱ ዓላማ አለው፤ እሱም ዓሣ ማየት ያምረዋል። «ለከተማዋ ስለሚጠቅሙ እንንከባከባቸው» ማለት ከመርሳት ይሻላል፤ ግን አሁንም እነሱን በርሜሉ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ኩሬ የሚያስተምረው ግማሹን ነው፤ የማይታይ ነገር ቆሻሻህን እየተሸከመ እንደሆነ። ሌላውን ግማሽ፣ የተሸከመው ሰው ከሆነ ዕዳው ሌላ እንደሚሆን፣ ከሌላ ቦታ መማር አለብን።

የመግቢያው አፍም ታሪክ አለው። የጋሼ ፏፏቴ የሚወርደው በፓምፕ ነው፤ 100 ዋት የሚወስድ ፓምፕ ሌት ተቀን ቢሠራ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የሀገራችን መብራት ደግሞ በአብዛኛው ከውኃ የሚመጣ ነው። ከባሕር ዳር ዝቅ ብሎ ያለው ጢስ ዓባይ ይህን በደንብ ያውቃል። በ1993 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ወንዙ ከፏፏቴው በላይ እየተጠለፈ ወደ ተርባይን ይገባ ጀመር፤ ለዓመታትም ጎብኚው ብዙ ጊዜ ያገኘው ከጢሱ ይልቅ ራቁቱን የቆመ ገደል ነበር። ትልቁ ፏፏቴ ዝም ያለው አምፖል እንዲበራ ነው፤ ከአምፖሉ መስመር ላይ ደግሞ ትንሽ ፏፏቴ እናስጮሃለን። ይህ ክስ አይደለም። ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም ከዚያው መስመር ነው የሚበራው። ግን የሚፈስ ነገር ሁሉ ከአንድ ቦታ ተጠልፎ የመጣ መሆኑን አለመርሳት ተገቢ ነው።

ወደ እማማ ቃል ስመለስ፣ ጡሩ ያለው ከኩሬው መሃል አይመስለኝም። ዓሣው ንጹሕ ነው፣ ድንጋዩም፣ የውኃው ድምፅም። ጡሩ ያለው በሁለቱ አፎች ላይ ነው፤ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገኝም በሚለው ልብ ውስጥ። ውበት በሒሳቡ ልክ ንጹሕ ይሆናል።

ሒሳቡ ደግሞ ሊሠራ የሚችል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣራ፣ ደኅና የክረምት ዝናብ 10 ሚሊ ሜትር ቢጥልበት፣ ወደ 1,000 ሊትር ይሰጣል። አሸንዳ ተሰቅሎ በርሜል ከተደገነ ሰባት ስምንት ዝናብ ያን ኩሬ ይሞላዋል፤ ከማንም ጀሪካን አንዲት ጠብታ ሳይወሰድ። በየሳምንቱ የሚወጣው ውኃ ናይትሬት ስላለው ለጎመን ማዳበሪያ ነው፤ በጎማ ወደ ጎረቤት አጥር ቢሻገር ምርቃት ያስገኛል። ይህን ያደረገ ሰው ዓለምን አላዳነም። ለእማማ ግን መልስ አለው፤ ፊታቸውን ቀና ብሎ ማየት ይችላል።

የግቢ ጥያቄ የከተማም ጥያቄ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለገበታ ለሸገር አንድ መቀመጫ በ5 ሚሊዮን ብር ሲሸጥ፣ ኋላም በወዳጅነት አደባባይ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሠራ፣ ክርክሩ «ያምራል» እና «ሕዝብ እየራበው» በሚሉት መካከል ቀረ። ሁለቱም ወገን የኩሬውን መሃል ነበር የሚያየው። ጎንደር ላይ በየዓመቱ ለጥምቀት የቀሃ ወንዝ ውኃ የፋሲልን መዋኛ ሲሞላ ማንም እንዲህ ሲከራከር አልሰማሁም። ውኃው ከየት እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፣ ሲባረክም ድሃ ሀብታም ሳይባል ይገባበታል። ሁለቱም አፎች ክፍት ናቸው።

አንድ ቀን ቆሼም ሣር ይለብስ ይሆናል። በሌላው ዓለም ሆኗል፤ ኒውዮርክ ስታተን ደሴት ላይ የነበረው ፍሬሽ ኪልስ የሚባለው ግዙፍ የቆሻሻ ተራራ በ2001 እ.ኤ.አ. መጣል ቆሞበት ወደ ፓርክነት እየተቀየረ ነው። እዚህም ዛፍ ይተከል፣ መንገድ ይነጠፍ፣ ኩሬ ይቆፈር፣ ፏፏቴ ይውረድበት ይሆናል። እኔ አልቃወምም፤ ከሁሉ በላይ ውበት የሚገባው ሰፈር ቢኖር እሱ ነው። ያኔ ግን ሁለት ነገር ይጠየቅ። ከውኃው ዳር የሚቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነማን ናቸው? መጋቢት 2 ቀን የሞቱት ሰዎች ስምስ፣ ልጅ እንኳ ቆሞ ሊያነበው በሚችልበት ከፍታ ላይ፣ የት ተጽፏል?