«ይሄማ ግልጽ ነው»

እስካሁን ከጻፍኳቸው ነገሮች ሁሉ በጣም የማፍርባቸው ሦስት ቃላት ናቸው፦ «ይሄማ ግልጽ ነው»። የጻፍኳቸው ለመጽሔት አይደለም። ኮድ ስንገማገም፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባቀረበችው ለውጥ ሥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የቀጥታ ስርጭት ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ስርጭቱ ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው ሲቀየር ምስሉ ቀጥ ይላል፤ አንዳንዴ አንድ ሰከንድ፣ አንዳንዴ ሁለት። ድምፁ ይቀጥላል፣ ምስሉ ይቆማል፣ ከዚያ እየሮጠ ድምፁ ላይ ለመድረስ ይሞክራል። ሦስት ሳምንት ታገልኩት። ተቀባዩ በኩል ያለውን ኮድ ነካካሁ፣ በፈሩን አሰፋሁ፣ መልሼ አጠበብኩ፣ ኔትወርኩን ረገምኩ። ምንም።

ከዚያ ገና የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ልጅ አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች። ተቀባዩ ከሚገምት ላኪው ይንገረው አለች። ካሜራ ሲቀየር ላኪው አንዲት ቁጥር ይጨምራል፦ «የመጀመሪያዋን ምስል ከማሳየትህ በፊት ይህን ያህል ጠብቅ»። ከሃያ መስመር የማይበልጥ ኮድ ነው። ሠራ።

እኔም ከሥሩ እነዚያን ሦስት ቃላት ጻፍኩ። ኮሚቶቿን ከራሴ ሥራ ጋር ጠቅልዬ በእኔ ስም አስገባሁ። ለአለቆቻችን በላክሁት ሪፖርት ደግሞ «አነስተኛ ማስተካከያ» ብዬ አለፍኩት። ከወር በኋላ የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ «የጎላ አስተዋጽኦ አልታየም» ተብላ ተሰናበተች። እኔ ትንፍሽ አላልኩም።

ይህን ነገር እንደገና የቀሰቀሰብኝ የፓተንት ሰነድ ነው። አሁን የምሠራበት ቦታ የቪዲዮ ማጫወቻ ስናዘጋጅ የትኞቹ ዘዴዎች በፓተንት እንደተያዙ ማጣራት ነበረብን፤ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ማመልከቻዎቹ ከታተሙ በኋላ መርማሪዎቹ ከአመልካቾች ጋር የሚጻጻፉትን ደብዳቤ ለማንም ሰው ክፍት ያደርጋል። ለአንድ ከሰዓት ብዬ የገባሁበት ንባብ ሳምንት ፈጀ። ምክንያቱም ብዙዎቹ ማመልከቻዎች የልጅቷ ዓይነት ሐሳብ ነበሩ። ምስሉ እንዴት ይጨመቅ የሚሉ አይደሉም፤ መቼ ከማቆያው ይውጣ፣ መቼ ይታይ የሚለውን ለተቀባዩ ስለመንገር ናቸው።

ትንሽ ላስረዳ። ቪዲዮ ሲጨመቅ ምስሎቹ እኩል አይከብዱም። አንዷ ድንጋይ ናት፣ ተከታይዋ ላባ። ስለዚህ ተቀባዩ ጋ እንደ ውሃ በርሜል የሚያገለግል ማቆያ ያስፈልጋል፤ በፈር የምንለው እሱ ነው። በርሜሉ ከሞላ ይፈሳል፣ ከደረቀ ምስሉ ይቆማል። በ2003 የጸደቀው ኤች.264 እና በ2013 የተከተለው ኤችኢቪሲ ይህን ለመቆጣጠር በሐሳብ ብቻ የሚኖር ዲኮደር ፈጥረዋል። ይህ ፍጡር አንድን ምስል በቅጽበት፣ ምንም ጊዜ ሳይፈጅበት ይፈታል። ግን በራሱ ምንም አይገምትም፤ እያንዳንዷ ምስል ከበርሜሉ የምትወጣበትን ሰዓት የሚያውቀው ከተነገረው ነገር ተነስቶ ነው። በብዙ የስርጭት ሥርዓቶች የምስል ሰዓት የሚቆጠረው በሰከንድ 90,000 ጊዜ በሚመታ ቆጣሪ ነው። በሰከንድ 25 ምስል ካለ፣ በአንዷና በቀጣይዋ መካከል 3,600 ምት አለ ማለት ነው።

ኤች.264 ላይ የመውጫው ሰዓት የሚነገረው ለሙሉ ምስል ነበር። ኤችኢቪሲ ሲመጣ ምስሏን ከፋፍሎ ለየቁራጩ የመውጫ ሰዓት መንገር ተቻለ። ዲኮደሩ ሙሉዋ ምስል እስክትደርስ መጠበቁ ቀረለት፤ መዘግየቱ ቀነሰ። ይህን ስትሰሙ «እና ምን ይጠበስ?» ልትሉ ትችላላችሁ። ለሙሉው ከተቻለ ለቁራጩ የማይቻልበት ምን ምክንያት አለ? ይሄማ ግልጽ ነው።

ቆይ። መርማሪው እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ አለው።

የመጀመሪያው፦ «መቼ» ብሎ መንገር ራሱ ፈጠራ ሊባል ይችላል ወይ? በ1973 ሙኒክ ላይ የተፈረመው የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት አንቀጽ 52 መረጃ ማቅረብንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደዚያው በራሳቸው ሲታዩ ፈጠራ አይላቸውም። ታዲያ ቁጥር መላክ መረጃ ማቅረብ አይደለም? የቢሮው የይግባኝ ቦርድ በ2000 ቲ 1194/97 በተባለው ጉዳይ አንድ መለያ አስቀመጠ። ለሰው ዓይን የታሰበው ይዘት ቢጠፋ ቴሌቪዥኑ ላይ ትርጉም የሌለው፣ በረዶ የሚመስል ነገር ይታያል እንጂ ማሽኑ ሥራውን አያቆምም። ማሽኑን የሚመራው መረጃ ቢጠፋ ግን ሥርዓቱ ራሱ ይሰናከላል፣ ሊቆምም ይችላል። ስለዚህ ይሄኛው ቴክኒካዊ ነው።

እኛ ይህን ልዩነት ከሌላው በተሻለ ሳናውቀው አንቀርም። ጓደኛዬን «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ብለው ጠዋት ይሁን ማታ፣ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከወሬያችን ይገባዋል። ስልኩ ግን አይገባውም። ተሳስቶ ሦስት ሰዓት ብሎ የሞላበትን ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ለሰው ፍንጭ ይበቃል። ለማሽን የምንነግረው ሰዓት ግን ልክ እንደ ጥርስና ሰንሰለት የማሽኑ አካል ነው። የልጅቷም ቁጥር እንዲህ ነበረች፤ ስታወጧት ስርጭቱ ይቆማል።

እኔን ያገኘኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። አንቀጽ 56 በመስኩ ሙያ ላለው ሰው ግልጽ የሆነ ነገር የፈጠራ ብቃት የለውም ይላል። ይህ ባለሙያ ማነው? እሱም እንደዚያ ዲኮደር በሐሳብ ብቻ የሚኖር ፍጡር ነው። በመስኩ የታተመው ሁሉ በእጁ ነው፣ የተለመደውን ሙከራ ሁሉ ይችላል፣ ግን አዲስ ነገር አያፈልቅም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 በኬኤስአር ጉዳይ ትንሽ ነፍስ ዘርቶበታል፤ ተራ የፈጠራ ችሎታ ያለው ሰው እንጂ ሮቦት አይደለም ብሎ።

ደብዳቤዎቹን ሳነብ የገረመኝ መርማሪው «ግልጽ ነው» ብሎ ዝም ማለት አለመቻሉ ነው። መንገዱን ማሳየት አለበት። ከማመልከቻው ቀን በፊት ከነበሩት ሰነዶች መነሻ የሚሆነውን ይመርጣል፣ ልዩነቱን ይለያል፣ ያ ልዩነት የሚፈታውን ችግር በጽሑፍ ያስቀምጣል። ችግሩን ሲያስቀምጥ ደግሞ መልሱን እዚያው ውስጥ መጠቆም አይፈቀድለትም። ከዚያ የሚጠይቀው «ባለሙያው ከዚህ ተነስቶ እዚያ መድረስ ይችል ነበር ወይ?» ብሎ አይደለም። «ይደርስ ነበር ወይ?» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «አዎ፣ ይደርስ ነበር» ይሆንና ማመልከቻው ይወድቃል። ግን አመልካቹ የወደቀበትን ሰነድና አንቀጽ ያውቃል፤ መከራከርም ይችላል።

«ይችል ነበር» እና «ያደርገው ነበር»። ይችል የነበረው ሰው እኮ እኔ ነኝ። ዕውቀቱ ነበረኝ፣ ኮዱ በእጄ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ጊዜ ነበረኝ። አላደረግኩትም። ተቀባዩን ብቻ ሳይ ላኪውን ዞር ብዬ አላየሁትም። ያው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 በግርሃም ጉዳይ ግልጽነት ሲመዘን ሊታዩ ከሚችሉት ነገሮች መካከል ለረጅም ጊዜ ሳይፈታ የቆየን ችግርና የሌሎችን ሙከራ መክሸፍ ጠቅሷል። የሌሎች መክሸፍ! ከእኔ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? የከሸፉት ሙከራዎቼ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከነቀናቸው ተጽፈው ተቀምጠዋል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። መልሱ ከመጣ በኋላ ሁላችንም እንጮኻለን። አንዴ ካወቅን ያላወቅንበትን ጊዜ መልሶ መኖር ያቅተናል፤ ጭንቅላታችን መንገዱን አስተካክሎ «ድሮም ቀጥ ያለ ነበር» ይለናል። ግን ጥፋቴን ሁሉ ጭንቅላቴ ላይ ብጥለው ውሸት ይሆናል። ነገሩ ግልጽ ነው ማለት ጠቅሞኛል። ግልጽ ከሆነ፣ ገና የተቀጠረች ልጅ አልበለጠችኝም ማለት ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ የራሴም ተቃውሞ ነው። እያንዳንዷ ትንሽ ሐሳብ ባለቤት ከኖራት ማን ምን ሊሠራ ነው? ኤችኢቪሲን የምታህል ነገር ለመጠቀም ፈቃድ የሚጠየቅባቸው የፓተንት ማኅበራት ብቻ ከአንድ በላይ ናቸው። በዚህ የተማረሩ ትልልቅ ኩባንያዎች በ2015 ተሰባስበው ኅብረት መሠረቱና በ2018 ያለ ሮያሊቲ ይሠራል ያሉትን ኤቪ1ን አወጡ። እኔ ራሴ በነፃ ሶፍትዌር የተማርኩ ልጅ ነኝ። «ሰዓት መንገር የማንም ንብረት መሆን የለበትም» ብትሉኝ እጄን አወጣለሁ።

ችግሩ ያኔም የተሸሸግኩት እዚህ ጀርባ መሆኑ ነው። «ሐሳብ የሁላችንም ነው፣ የማን ስም ቢገባ ምን ለውጥ አለው?» ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ሁለት ነገር አደባልቄያለሁ። አንደኛው ባለቤትነት ነው፤ ሌላው ሰው እንዳይጠቀምበት የመከልከል መብት። ሁለተኛው እውቅና ነው፤ «ይህን ያደረገችው እሷ ናት» የሚል እውነት። የመጀመሪያውን መቃወም ይቻላል፣ እኔም እቃወማለሁ። ሁለተኛውን መንፈግ ግን ለነፃነት መቆም አይደለም፤ ውሸት መናገር ነው። እንዲያውም አጥር በሌለበት ቦታ ሰው የሚቀርለት ስሙ ብቻ ስለሆነ እውቅናው ይበልጥ ይከብዳል።

የእኛም ሕግ እዚህ ላይ የሚያስተምረኝ ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከፓተንት ውጪ ያደርጋል፤ ስለዚህ የልጅቷ ሃያ መስመር እዚህ አገር በፓተንት የሚታጠር አልነበረም። ግን ያው አዋጅ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚል ምድብ አለው። አዲስ ከሆነና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት ከቻለ፣ ለፓተንት የሚጠየቀው የፈጠራ ብቃት ባይኖረውም የራሱ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ስም ያለው ትንሽ ነገር ማለት ነው። እኔ «አነስተኛ» የምትለዋን ቃል ለመሰረዣ ተጠቀምኩባት፤ ሕጉ ለመመዝገቢያ ይጠቀምባታል።

አሁን ኮድ ስገመግም አንድ ደንብ አለኝ። «ግልጽ ነው» ልል ስል መንገዱን እንድጽፍ ራሴን አስገድዳለሁ፦ ከምን ተነስቶ፣ በየት በኩል፣ ለምን ወደዚያ ይኬድ ነበር? መጻፍ ካልቻልኩ ቃሉን አጠፋዋለሁ። ብዙ ጊዜ አጠፋዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ለልጅቷ ጻፍኩላት። ምን እንዳደረገች፣ እኔ ምን እንዳደረግኩ በዝርዝር ነገርኳት። ለሥራ ፍለጋ የሚሆናት የድጋፍ ደብዳቤም አያያዝኩ፤ ችግሩ ምን እንደነበር፣ ማን እንደፈታው ሳልሸፋፍን የጻፍኩበት። ከሁለት ቀን በኋላ መለሰች። አመሰገነች። ከዚያ ከታች አንድ መስመር ነበር፦ «እኔ እኮ ከዚያ በኋላ ትንንሽ ሐሳብ ሲመጣልኝ መናገር ትቻለሁ፤ ግልጽ ነው ስላልከኝ እውነት መስሎኝ ነበር።»

መልሱን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። በመጨረሻ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የእነዚያን ሦስት ሳምንታት ገጾች በስልኬ አነሳኋቸው። የከሸፉትን ሙከራዎች ሁሉ፣ ከነቀናቸው፣ ላክሁላት።