ምስጋናና ዝምታ አንድ ናቸውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኛ ኢትዮጵያውያን «እንደምን አደርሽ?» ተብለን ስንጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እንመልሳለን። ጤነኛው እንዲህ ይላል፤ በሽተኛውም አልጋው ላይ ሆኖ ይህንኑ ይላል። ልጅ የተወለደለትም፣ ልጁን የቀበረውም ከዚህ የተለየ መልስ የላቸውም። ይህ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን የወረስነው ትልቅ ሀብት ስለሆነ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም።

ይሁን እንጂ ይህን የተቀደሰ ቃል ለማይገባው ሥራ የምናውልበት ጊዜ አለ። በተለይም አንዲት እኅት ችግሯን ልትነግረን አፏን ስትከፍት «ተመስገን በይ» የምንላት፣ ብዙ ጊዜ «ዝም በይ» ለማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ፦ ለአንዲት ክርስቲያን ሴት ምስጋናና ዝምታ አንድ ናቸውን? የሚል ነው። ጥያቄው ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። ከራሴ ጥፋት የመጣ ነው።

በዩኒቨርስቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖር ጓደኛ ነበረችኝ። ስሟን አልጠቅስም፤ ነገሩን እንድጽፈው ግን ፈቅዳልኛለች። በዚያ ዓመት ሽማግሌ ተልኮ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ሥራ ያለው፣ የተከበረ ቤተሰብ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልብስ አጥበን እያሰጣን ሳለ፣ «ከማን ጋር እንደምነጋገር በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ ከመዝሙር ክፍል እንድወጣ አዞኛል፤ ከተጋባንም በኋላ ትምህርቱ ይቅርብሽ ይለኛል» አለችኝ። እኔም የያዝሁትን ነጠላ እንኳ ሳላስቀምጥ፣ «እግዚአብሔርን አታማሪ! ስንቷ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው አጥታ ታለቅሳለች፤ ይልቅ ተመስገን በይ» አልኋት። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ፣ «እውነትሽን ነው፤ ተመስገን» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። እኔም ጥሩ ምክር የመከርሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ትምህርቷን በሦስተኛው ዓመት አቋርጣ አገባች። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ የክርስትና ግብዣ ላይ ተገናኘን። ብዙ ከስታለች። ማጀት ገብተን ለብቻችን ስንጫወት፣ ምንም የወቀሳ ድምፅ ሳታሰማ፣ «ያን ቀን የነገርሁሽ እኮ ግማሹን ነበር» አለችኝ። ይህን ስሰማ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ሌላውን ግማሽ ያስዋጥኋት እኔ ነበርሁ፤ ያስዋጥኋትም በእግዚአብሔር ስም ነው።

አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለስድብና ለሐሜት መልስ ላለመስጠት ከሆነ አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን እናቶቻችን ጎተራ ውስጥ ተዘግቶ የሰነበተ እህል ካልተናፈሰ እንደሚነቅዝም ያውቃሉ። በልብ ውስጥ ተዘግቶ የቀረ መከራም እንዲሁ ነው። ከውጭ ሲያዩት ምስጋና ይመስላል፤ ሲከፍቱት ግን ውስጡን ነቀዝ በልቶታል።

እንግዲህ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለዚህ ነገር ምን ያስተምሩናል? የሳሙኤልን እናት የሐናን ታሪክ እንመልከት (1ኛ ሳሙ. ምዕ. 1 እና 2)። ሐና መካን ነበረች። ጣውንቷ ፍናና በየዓመቱ ወደ ሴሎ ለመሥዋዕት ሲወጡ ታበሳጫት ነበር። ሐና ታለቅሳለች፤ እህልም አልቀምስ ትላለች። ባልዋ ሕልቃና ይወዳታል፤ ከመሥዋዕቱም ለእርስዋ የተለየ ድርሻ ይሰጣታል። ስለዚህ ልቅሶዋን ሲያይ፣ እኔ ከዐሥር ልጆች አልሻልሽምን? ብሎ ይጠይቃታል። ልብ እንበል! ይህ አነጋገር እኔ ለጓደኛዬ ከሰጠሁት ምክር በምን ይለያል? የሕልቃና ፍቅር እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ያለሽ ይበቃሻልና አታልቅሺ ማለቱ ነው።

ሐና ባልዋን አልናቀችም፤ አልተሳደበችም። ግን ዝም አላለችም። ተነሥታ ወደ ቤተ መቅደስ ሄደች፤ በእግዚአብሔርም ፊት ልቧን አፈሰሰች። ካህኑ ዔሊ ከንፈርዋ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ግን ሳይሰማ አይቶ የሰከረች መሰለው፤ ገሠጻት። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ብንሆን አፍረን እንወጣ ነበር። ሐና ግን በአክብሮት «ጌታዬ» ብላ፣ እንዳልሰከረች፣ ይልቁንም ልቧ ያዘነባት ሴት እንደሆነች አስረዳችው፤ እንደ ክፉ ሴት እንዳይቈጥራትም ለመነችው። ዔሊም ስሕተቱን ተረድቶ በሰላም ሂጂ ብሎ መረቃት። ከዚያ በኋላ ሐና በላች፤ ፊቷም ከእንግዲህ አላዘነም። ይህ የሆነው ልጁ ሳይፀነስ ነው! ኀዘኗን ያቀለለላት ልጅ ማግኘቷ ሳይሆን፣ በእግዚአብሔርም በካህኑም ዘንድ መሰማቷ ነበር።

ከዚያም ሳሙኤል ተወለደ፤ ሐናም ጡት አስጥላ ለእግዚአብሔር ሰጠችው፤ የምስጋና ጸሎትም ጸለየች። ይህ ጸሎት በመዝሙረ ዳዊታችን ከዳዊት መዝሙራት ቀጥሎ ከሚገኙት ከነቢያት ጸሎቶች አንዱ ሆኖ እስከ ዛሬ ይደገማል። እንግዲህ ያ ታላቅ ምስጋና የወጣው ከየትኛው አፍ ነው? አስቀድሞ ካለቀሰው፣ ከለመነው፣ ለካህኑም «እንዲህ አይደለም» ብሎ ከመለሰው አፍ ነው። ሐና በሕልቃና ምክር ዝም ብትል ኖሮ የሐና ጸሎት ባልኖረንም ነበር።

እመቤታችንንም እናስብ። መልአኩ ባበሠራት ጊዜ ይህ እንዴት ይሆናል? ብላ ጠየቀች (ሉቃ. 1፥34)። መልሱንም ሰምታ እንደ ቃልህ ይሁንልኝ አለች። ከዚያ ወደ ኤልሳቤጥ ቤት ሄዳ ነፍሷ ጌታን አመሰገነች። ጥያቄው ቀደመ፤ እሺታው ቀጠለ፤ ምስጋናው ተከተለ። መጠየቅ እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ መልአኩ በገሠጻት ነበር። እርሱ ግን መለሰላት።

ምናልባት አንዳንድ ወንድሞች፣ «ይህ ትምህርት ሴቶቻችንን አጉረምራሚ አያደርጋቸውምን?» ይሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ማጉረምረም በእርግጥ ኃጢአት ነውና። እስራኤል በምድረ በዳ ብዙ ተቀብለው ሳለ በየድንኳናቸው ውስጥ አጉረመረሙ (ዘዳ. 1፥27)። ነገር ግን ልዩነቱን እናስተውል። አጉረምራሚ በድንኳኑ ተደብቆ፣ ነገሩን ሊያቃና ለማይችል ሰው ይናገራል፤ የተቀበለውንም ሁሉ ይክዳል። አቤት ባይ ግን ሊፈርድለት በሚችለው ፊት ቆሞ በግልጥ ይናገራል፤ መናገሩም ተስፋ ስላለው ነው። የሰለጰዓድ አምስቱ ሴቶች ልጆች በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር ፊት ቆመው የአባታችን ርስት ለምን ይቀርብናል? ባሉ ጊዜ፣ እግዚአብሔር በእውነት ተናገሩ ብሎ ፈረደላቸው (ዘኍ. ምዕ. 27)። አጉረመረማችሁ አላላቸውም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህንኑ ታስተምረናለች። አኮቴት ማለት ምስጋና ነው፤ በጸሎተ ቅዳሴም አኮቴት አለ። ነገር ግን በዚያው ቅዳሴ ስለ ሕሙማን፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናም እንለምናለን፤ እግዚኦታም እናደርሳለን። ቤተ ክርስቲያን አመስግናለሁና የጐደለኝን አልናገርም አላለችም። ምስጋናና ልመና በአንድ መቅደስ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ወደ ትዳር ስንመጣ ደግሞ፣ ለእኅቶች ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሚስት ለባልዋ ትገዛ የሚለው የሐዋርያው ቃል ነው (ኤፌ. ምዕ. 5)። ቃሉ እውነት ነው፤ ግን ቈርጠን አናንብበው። ከዚያ ቃል በፊት ሐዋርያው ሁሉም እርስ በርሳቸው እንዲገዙ ያዝዛል። ከዚያም በኋላ ባል ሚስቱን፣ ክርስቶስ ራሱን ለቤተ ክርስቲያን አሳልፎ እስከ መስጠት እንደ ወደዳት፣ እንዲወዳት ያዝዛል። በሥርዓተ ተክሊልም አክሊል የሚደረገው በሙሽራው ራስ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሙሽራዪቱም አክሊል ትቀዳጃለች። የሀገራችንን ሕግ ስናይም፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስትን እንድትታዘዘው ያስገድድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ተጋቢዎች ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የዓለም ሕግ ወደዚህ ከደረሰ፣ ሁለት አክሊል ይዛ የኖረች ቤተ ክርስቲያን ልጆች ከኋላ ልንቀር አይገባም።

ታዲያ እውነተኛ ምስጋና ምንድን ነው? እንደሚመስለኝ፣ ምስጋና የተቀበልነውን በስሙ ጠርቶ ሰጪውን ማወቅ ነው። ስለዚህም ከእውነት ጋር ይሄዳል። የጐደለውን እንደ ሞላ አድርጎ መናገር ምስጋና ሳይሆን ሐሰት ነው፤ እግዚአብሔር ደግሞ በሐሰት አይመሰገንም። ጓደኛዬ «ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ትምህርቴ ተመስገን፤ ይህ ነገር ግን አስፈርቶኛል» ብትል ኖሮ አመስጋኝ አትባልም ነበርን? እንዲያውም የበለጠ አመስጋኝ ነበረች፤ ትምህርቷን ከእግዚአብሔር የተቀበለችው ስጦታ መሆኑን አውቃ ልትጠብቀው ፈልጋለችና።

ስለዚህ እኅቶቼ ሆይ፤ ጥቂት ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ።

አንደኛ፤ በየማታው ከመተኛታችን በፊት የተቀበልነውን እንቍጠር። «ስለ ሁሉ ነገር» ብለን በጅምላ አንለፈው። እናታችን የላከችልንን ስንቅ፣ ማስታወሻዋን ያዋሰችንን ተማሪ፣ አስታመን ያዳነንን ሰው እያነሣን እናመስግን። በማግሥቱም ያንን ሰው ፊት ለፊት እናመስግነው። ለሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ለማለት የሚከብደው አፍ ለፈጣሪ ሲሆን ከልብ መናገሩ ያጠራጥራል።

ሁለተኛ፤ የከበደንን ነገር እንደ ሐና አስቀድመን ለእግዚአብሔር፣ ከዚያም ለንስሐ አባታችንና ለምናምናት አስተዋይ እኅት ሳንከፍል እንንገር። የመጀመሪያው ሰሚ ካልተረዳን ተስፋ አንቍረጥ፤ ዔሊም በመጀመሪያ አልተረዳም። ድብደባና ማስፈራራት ካለ ግን፣ ይህ «መስቀልሽ ነው፤ ተሸከሚው» የሚባል ነገር አይደለም። ጌታ መስቀሉን የተሸከመው በፈቃዱ ነው፤ በሌላው ጫንቃ ላይ በጉልበት መስቀል የሚጭኑ ግን ሰቃዮቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት እኅት ወደሚያድናት ሰው ፈጥና ትሂድ።

ሦስተኛ፤ ይህ ለወንድሞችም ጭምር ነው፤ እንስማ። አንዲት እኅት ስትናገር የመጀመሪያው ቃላችን ምክር አይሁን። «ሌላስ ምን አለ?» ብለን እንጠይቅ። ይህች ትንሽ ጥያቄ ብዙ ድካም የላትም። ያን እሑድ ከአፌ ብትወጣ ኖሮ ሌላውን ግማሽ እሰማ ነበር። ከሰማሁ በኋላ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ቢያንስ ግን ብቻዋን አትሸከመውም ነበር።

ጓደኛዬ ዛሬ በማታው ክፍል ያቋረጠችውን ትምህርት ጀምራለች። ነገሩ ሁሉ ተቃንቷል ማለቴ አይደለም፤ ገና ብዙ ይቀራታል። ባለፈው ሳምንት ስንገናኝ «እንደምን ሰነበትሽ?» አልኋት። «ተመስገን» አለችኝ፤ እንደ ልማዳችን። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ አጠገቧ ተቀመጥሁና «ሌላስ?» አልኋት። እርስዋም ነገረችኝ። ሲመሽ ተነሥተን አብረን ጸለይን፤ አመሰገንንም።

የሐናን ልቅሶ የሰማ አምላክ የእኅቶቻችንን ሁሉ ድምፅ ይስማ፤ ለእኛም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።