የክፉውን ድምፅ ማን ይውሰድ?

የሶማሌላንዷ ሐርጌሳ የህንድ ፊልም ወዳድ ከተማ ናት። ብዙው ሰው ፊልሙን የሚያየው በሶማልኛ ተተርጉሞ፣ በሶማልኛ ተናጋሪዎች ድምፅ ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ትርጉም ፊልም በየቪዲዮ ቤቱ ያየ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የቱርክን ድራማ በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተከታተለ ሁሉ፣ የለመደው ድምፅ ድንገት ሲቀየርበት ምን እንደሚሰማው ያውቃል። የሚከተለው ታሪክ ምሳሌ ነው፤ ሰዎቹም የምሳሌ ሰዎች ናቸው። ከተማዋ ግን እውነተኛ ናት፤ ያለፈችበትም መከራ እውነተኛ ነው።

በዚያች ከተማ የክፉዎችን ድምፅ የሚይዝ አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የሚሠራው ከገበያው በስተኋላ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ መስኮቷ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። ከባልደረቦቹ አንዱ የጀግናውን፣ አንዱ የአባትየውን፣ አንዷ የሙሽራይቱን ድምፅ ይዘዋል። የሽፍታው አለቃ፣ ድሃ አፈናቃዩ ባለመሬት፣ ወንድሙን የሚያስገድለው ነጋዴ ግን ሁሉም የእሱ ናቸው። ክፉው ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ ጫማው ብቻ ሲታይ፣ ተመልካቹ ያንን ድምፅ ይጠብቃል። አንድ ቀን ሰውየው ጉሮሮውን ታመመ። ሐኪሞች ሕይወቱን አተረፉለት፤ ድምፁን ግን ሊመልሱለት አልቻሉም።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ተነሣ። የሚካሄደው ሄልና ቀረፋ የገባበት የወተት ሻይ በሚሸጥባት አንዲት ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው፤ ሁሉም «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ ይሏቸዋል። ገንዘቡን በጡብ በጡብ ደርድረው መንገድ ዳር የሚመነዝሩት ሰዎች ሱቅ ሲዘጉ ወደዚያ ይመጣሉ፤ የከብት ነጋዴዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆችም ይመጣሉ። ግድግዳው ላይ አንድ ቴሌቪዥን አለ። የፊልም ተርጓሚዎቹ አለቃም ማን ይሻላል ብሎ ለመስማት አዘውትሮ ይቀመጥ ጀመር። በመጨረሻ እንዲህ አለ፤ «አንድ ትዕይንት እመርጣለሁ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋለሁ። ይችላል ያላችሁትን ሁሉ አምጡና እዚሁ ያንብብ።»

የመረጠው ትዕይንት አጭር ነው። ባለመሬቱ ባሏ ወደሞተባት ሴት ቤት ይመጣና እስኪነጋ ድረስ ልጆቿን ይዛ እንድትወጣ ያዛታል።

የከብት ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት የግመል ደላላ ነበር። ድምፁ ገበያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዳርሳል። ቆሞ አነበበ፤ ሁለት ጎዳና ተሻግሮ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። በር ላይ የቆሙት ሕፃናት ግን ይስቁ ነበር። አለቃው ሕፃናቱን ሲያይ ወረቀቱን ተቀበለው።

ቀጥሎ የመጣው የቲያትር ሰው ነው። የቀድሞውን ሰው ድምፅ እስከ ትንፋሹ፣ እስከ ሳሉ ድረስ መምሰል ይችላል። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፤ አንዳንዱም ዕንባው መጣ። «እሱ ራሱ! እሱ ራሱ!» ተባለ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ተማሪ፣ «እኔ ግን ሴትዮዋን ረሳኋት» አለች። «ሲያነብ ሙሉ ጊዜ የማስበው የታመመውን ሰውዬ ነበር።» ነገሩን ሁሉም ያወቀው እሷ ከተናገረችው በኋላ ነው። የቲያትሩ ሰውም አልተቆጣም፤ እውነት መሆኑን ያውቀዋልና።

በዚህ ጊዜ ከባጃጅ ሾፌሮቹ አንዱ ወደ ጓዳ እያመለከተ፣ «ለምን ሐበሻውን አናስነብበውም?» አለ። ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ የሚያጥበው ከኢትዮጵያ የመጣ ወጣት ነው። ሶማልኛውን በሥራ ላይ የለቀመው በመሆኑ የጉሮሮ ድምፆቹ ይሳሳቱበታል፤ ቃሉ ሲያጥረው በእጁ ይሞላዋል። «አፉን እንደከፈተ ሰው ይጠላዋል» አለ ሾፌሩ። «ሌላ ምን እንፈልጋለን? ጥላቻው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው።» ብዙዎች ይህን ወደዱት። ልጁን እጁ ሳይደርቅ ጎትተው አወጡትና ወረቀቱን አስያዙት።

ልጁ አነበበ። በአንደኛው መስመር ሳቁ። በሁለተኛው መስመር አንዱ አነጋገሩን እየደገመ አሾፈ። በሦስተኛው ኤዶ ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ አስቀምጠው መጡ።

«ይህን ልጅ ከዚያ ወንበር አንሡት» አሉ።

«ኤዶ፣ እኮ ጨዋታ ነው» አላቸው ሾፌሩ።

«እ.ኤ.አ. በ1988 ከዚህች ከተማ ስንሸሽ የት ነበርህ? አልተወለድክም። ልጄን አዝዬ ሃርታሼክ የስደተኞች ካምፕ ስገባ የያዘችልኝ ነርስ ሶማልኛዋ እንደዚህ ልጅ የተሰባበረ ነበር። በዚያ በተሰባበረ ሶማልኛ ነው ‘አይዞሽ፣ አይሞትም’ ያለችኝ። ክፉ የሆነብኝ ሰው ሁሉ ግን ያናገረኝ ጥርት ባለ ሶማልኛ፣ በእኔ በራሴ ሶማልኛ ነው።»

ማንም አልመለሰም። ልጁ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በዚያው ሰዓት በማዶ ካለው መድኃኒት ቤት የሚሠራው ሰው የኤዶን የደም ግፊት ኪኒን ይዞ ገባ። ቀኑን ሙሉ ለበሽተኛ፣ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» ሲል የሚውል ለስላሳ ሰው ነው፤ ፊልም እንደሚወድ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። አለቃው ዝምታውን ለመስበር ብሎ ይሁን ተስፋ ቆርጦ፣ ወረቀቱን ለእሱ ዘረጋለት።

ሰውየው መነጽሩን አስተካክሎ ያነበበው በሽተኛ ሲያናግር በለመደው አነጋገር ነው። ሴትዮዋን «እናቴ» አላት። በዚህ ሰዓት በሯን በማንኳኳቱ ይቅርታ ጠየቃት። ልጆቹን ብርድ እንዳይመታቸው ደርባ እንድታለብሳቸው መከራት። ቁልፉን ከጎረቤት እንድታኖርለት፣ ሲነጋ ሰው ልኮ እንደሚያስወስደው ነገራት። በር ላይ የነበሩት ሕፃናት ወደ ውስጥ ገብተው ወላጆቻቸው አጠገብ ተቀመጡ።

ኤዶ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ባሌን የወሰደው ሰውዬ እንዲህ ነበር የሚናገረው» አሉ። «‘ለጥቂት ጥያቄ ነው’ አለኝ። የጫማውን ክር እስኪያስር ጠበቀው።»

አለቃው የመድኃኒት ቤቱን ሰው መረጠ። ሁሉም ግን አልተስማማም። የደላላው ወገኖች «ክፉ እንዲህ አይደለም» እያሉ ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ፤ አንዳንድ ሴቶችም ፊልሙ በወጣ ሰሞን መድኃኒት ሊገዙ ወደ ሌላ ቤት ይሄዱ ነበር። ያን ምሽት ሰው ሲበተን አለቃው ወደ ጓዳ ገብቶ ወጣቱን ይቅርታ ጠየቀው፤ ሌላ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ማንበብ እንደሚወድም ጠየቀው። ልጁ እያጠበ መለሰለት፤ «የክፉውንም ብትሰጠኝ ደስ ይለኛል። በደንብ ስላነበብኩ ከሆነ ማለቴ ነው፤ ሐበሻ ስለሆንኩ ከሆነ ግን ይቅርብኝ።»

ምሳሌው ይኸው ነው። ልጁ የተናገረውን እኔ ከሁሉ አስበልጬ እይዘዋለሁ። የፊልም ወዳጆች የክፉውን ቦታ ማን ይተካ ብለው ሲከራከሩ፣ የሚጠላ ፊትና የሚያስቅ አነጋገር ፍለጋ ከጀመሩ፣ ክርክራቸው ስለ ትወና መሆኑ ቀርቷል። ማንን ለመጥላት እንደተዘጋጁ ነው የሚነግሩን።

ይህን ሐርጌሳ ላይ ያኖርኩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማዋን ያወደሙት የሶማሊያው ገዥ የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች የተነሡት ከሩቅ አገር አልነበረም፤ ከሐርጌሳ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ነው የሐርጌሳን ቤቶች የደበደቡት። ከተማዋ እስከ ዛሬ መሐል አደባባይዋ ላይ አንድ ሚግ አውሮፕላን ሰቅላ ታስታውሰዋለች። ከዚያ እሳት ያመለጠው ሕዝብ የተጠለለው ደግሞ ኢትዮጵያ ነው። ከጅጅጋ በስተምሥራቅ የነበረው የሃርታሼክ ካምፕ በአንድ ወቅት ከ200,000 በላይ ስደተኞች የያዘ፣ ከዓለም ትልልቆቹ ካምፖች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዛሬ ከእኛ አገር ወጣቶች ወደ ሐርጌሳ ሄደው ብርጭቆ ያጥባሉ፣ ጫማ ይጠርጋሉ። በሁለቱ አገሮች መካከል እንዲህ ያለ መንገድ ባለበት፣ በአነጋገር ክፉ መምረጥ ትልቅ በደል ነው።

ክፉ ከራስ ወገን እንደሚወጣ ሶማሌዎቹ ከቲያትራቸውም ያውቁታል። ሐሰን ሼክ ሙሚን «ሸቤል ናጎድ» በተባለው ተውኔቱ የፈጠረው ክፉ ሰው ባዕድ አይደለም፤ ቆንጆ አፍ ያለው፣ ወጣቷን በሐሰት ጋብቻ አታልሎ የሚተዋት የአገር ልጅ ነው። ይኸው ደራሲ የሶማሌላንድን ብሔራዊ መዝሙርም ጽፏል።

ከህንድ ፊልሞችም ሁሉ በተተኪ ክፉ የሚታወቀው «ሾላይ» ነው። ለሽፍታው ጋባር ሲንግ መጀመሪያ የታሰበው ዳኒ ዴንዞንግፓ ነበር። እሱ ግን ለፌሮዝ ካን «ዳርማትማ» አፍጋኒስታን ቀረጻ ላይ ስለነበር ቦታውን አምጃድ ካን ወሰደው። ስም ያልነበረው ተዋናይ ነው፤ ድምፁም ለእንዲህ ያለ ሽፍታ አይበቃም ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ አልቀየረውም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1975 ወጣ፤ በቦምቤው ሚነርቫ ሲኒማ ቤት ብቻ አምስት ዓመት ታየ። ያ የተጠረጠረ ድምፅ በህንድ ሲኒማ ከሁሉ የሚታወስ የክፉ ድምፅ ሆነ። መምሰል ባለመፈለግም ምሳሌ የሚሆን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ጆኒ ዴፕ ከክፉው ጠንቋይ ከግሪንደልቫልድ ሚና ሲወርድ የተካው ማድስ ሚከልሰን ነጩን ፀጉርና ሁለት ዓይነት ዓይኑን ትቶ የራሱን ረጋ ያለ ሰው ይዞ መጣ። የቀድሞውን የሚናፍቁ ተመልካቾች ተቆጡ። እኔ ግን በዚህ ከሚከልሰን ጋር ነኝ።

ወደ ቤታችንም እንምጣ። በ«ሰው ለሰው» ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ለምን እንደዚያ አስፈራን? የተከበረ ባለሀብት ስለነበረ፣ በየሠርጉና በየለቅሶው አጠገባችን የሚቀመጥ ሰው ስለመሰለን ነው። ይህ በእጃችን እያለ፣ ብዙ ፊልሞቻችን ዛሬም ዘበኛውን፣ አጭበርባሪውንና ተላላኪውን ወንበዴ በአነጋገሩ ከፋፍለው ያቀርቡልናል፤ የአዲስ አበባን አማርኛ የሚናገረው ጀግና ይሆናል፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው አነጋገር ደግሞ ለሳቅ ወይም ለጥርጣሬ ይውላል። ተመልካቹም ከዚያ ተምሮ፣ በታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው በሁለት ቃል ይመዝነዋል።

ለክፉ ሚና ተተኪ የሚፈልግ ዳይሬክተር ቢሰማኝ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፦ ለፈተና የመጡትን ሁሉ በየትውልድ ቦታቸው አነጋገር የጀግናውንም የክፉውንም ገጽ ያስነብባቸው፤ የክፉውን ለማን እንደሚሰጥ ከመወሰኑ በፊትም፣ ያንኑ ሰው ለጀግናው ይመርጠው እንደነበር ራሱን ይጠይቅ።